አርባ ሦስተኛው ድምፅ

በራማት ቬርበር ሰፈር፣ አሳንሰሩ ዘወትር በሚበላሽ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ማንያዘዋልና ፋንትነሽ ከአንድ ልጃቸው ከማዖር ጋር ይኖሩ ነበር። ኑሮ ከተባለ! አባት የልብ ሕመም ከሥራ አስቀርቶት ቤት ይውላል። እናት ሮሽ ሃዓይን ከተማ ካለ ፋብሪካ ዕቃ ስታሽግ ውላ ወገቧን ይዛ ትመለሳለች። ልጅ ውትድርናውን ከጨረሰ ወዲህ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ ሙዚቃ ያቀናብራል። የሳሎኑን ግማሽ የያዘው ግን የማንያዘዋል አሮጌ ሲንተሳይዘር ነበር። ከጎንደር ወደ አይሁድ አገር በመጣ በአራተኛው ዓመት ገዝቶ የዘመድ አዝማዱን ሰርግ ሁሉ ያስጨፈረበት ነው። እሱ «ኦርጋኔ» ይለዋል፤ ፋንትነሽ ደግሞ «ጣውንቴ» እያለች ትስቅበታለች።

ዘንድሮ እንዲህ ያለ አሮጌ ድምፅ ፈላጊው በዝቷል። ሊዮር የሚባል የስቱዲዮ ባለቤት ማዖርን፣ «የአባትህን ማሽን ድምፅ ቀድተህ አምጣልኝ፤ ከወደድኩት አብረን እንሠራለን» አለው። ሳምፕል ማድረግ ይሉታል፤ የእያንዳንዱ ቁልፍ ድምፅ ለብቻው ይቀዳል፣ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ባይኖርም ኮምፒውተሩ በማሽኑ ድምፅ ይጫወታል። ማዖር አባቱ በየሰርጉ ይዞት የሚዞረውን ስፒከር ሻካራነት ጭምር ስለፈለገ ማሽኑን ከስፒከሩ አገናኝቶ ማይክሮፎን ከፊቱ ተከለ። ስልሳ አንዱን ቁልፍ በየተራ የሚያስጮኸው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፤ አንዱ ድምፅ ፈጽሞ እስኪጠፋ ጠብቆ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እስኪያልቅ ድረስ ቤቱ ውስጥ ኮሽ ማለት የለበትም።

«አባ፣ ና ወደ ታች እንውረድ።»

«እኔ ከኦርጋኔ አጠገብ ልቀመጥ። ትንፍሽ አልልም።»

«በሰደር፣ ይሁን። ግን ሽኬት፣ ጸጥታ፣ እሺ? እስክመለስ እንዳትናገር፣ እንዳትስል!»

«ያላ፣ ሂድ!» አለ አባት። ስልኩን አጥፍቶ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ እንደ ጨዋ ተማሪ ቁጭ አለ።

ማዖር ግቢው ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ ሲመለስ ማሽኑ ዝም ብሏል። አባቱም ዝም ብሏል። አንገቱ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ አንድ እጁ ደረቱ ላይ... «አባ፣ ጨርሰናል እኮ! አባ! አባ!» የአምቡላንስ ሠራተኞች ደርሰው የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። በመጨረሻ አንደኛው ሰዓቱን አይቶ መዘገበ። ኧረ ምን ዓይነት ቀን ነው! ሰው ከቤቱ ወንበር ላይ፣ ልጁ ደጅ ቆሞ እየጠበቀ፣ እንዲህ ይነጠቃል?

በሺቫው፣ በአይሁድ ወግ ሐዘን በሚቀመጡበት ሰባት ቀን፣ ፋንትነሽ ለቀስተኛው በተሰበሰበበት ልጇን ይዛ ነቀነቀችው። «ልጅ እያለው እንደ ባዳ ብቻውን ሞተ! የት ነበርክ? የት ነበርክ?»

«አልጠራኝም፣ እማ... ቢጠራኝ እኮ እሰማው ነበር።»

ከዚያች ቀን ወዲያ ቃል አልተነፈሰችለትም። ምግቡን ጠረጴዛው ላይ ታኖርለትና ፊቱን ሳታይ መኝታ ክፍሏ ትገባለች። አንድ ወር ሙሉ! ማዖር አንድ ቃል ብቻ ናፈቀው፤ ብትረግመው እንኳ በወደደ። ሥራው አስጠልቶት የተቀዳውን ድምፅ ሳይከፍተው ለሊዮር ላከለት።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሊዮር ደወለ። «ግሩም ድምፅ ነው! አርባ ሦስተኛው ላይ ግን ሰው ያጉተመትማል። በምን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ፣ ቆርጠህ ጣለው።»

ማዖር አርባ ሦስተኛውን ከፈተው። ማሽኑ ጮኸ፣ ድምፁ ቀስ እያለ ከሰመ፤ ከሥሩ የአባቱ ሹክሹክታ መጣ። «ዝም በል አንተ ልብ! ልጁ ሥራ ላይ ነው።» አርባ አራተኛው ላይ ከባድ ትንፋሽ አለ። አርባ አምስተኛው ላይ ወንበሩ ሲጢጥ ይላል። ከአርባ ስድስተኛው ጀምሮ ማሽኑ ብቻ ነው።

አምላኬ ሆይ! ማዖር «አልጠራኝም» ያለው ለካ እውነት ኖሯል፤ ግን ምን ዓይነት እውነት! አባት ሕመሙ እያሠቃየው፣ የልጁን ሥራ እንዳያበላሽ ልቡን ዝም በል ብሎ ተቆጣው! ማዖር ቢያጠፋው ማን ያውቅበታል? ጣቱን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። አላጠፋውም።

ፋንትነሽ ከፋብሪካ ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቃት። «እማ፣ ይህን ስሚ። ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

ሰማች። ከስፒከሩ ፊት በጉልበቷ ወደቀች። ማዖር ጥፊውን እየጠበቀ ዓይኑን ጨፈነ። የመጣው ግን ጥፊ አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ፣ ልጄ! ያን ዕለት ጠዋት ስወጣ እዚሁ በር ላይ፣ 'ዛሬ የልጁ ዕድል ነው፤ ብትሞት እንኳ እንዳትጣራ' አልኩት። ስቀልድ እኮ ነው! እሱም ስቆ ነው የሸኘኝ... አንተ ላይ የጮህኩት የራሴን ኃጢአት ሰው እንዳይሰማብኝ ነው። ወር ሙሉ ዓይንህን ማየት ፈራሁ!»

 ማዖር ወለሉ ላይ ወርዶ እናቱን አቀፋት፤ ጎረቤት በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ አብረው አለቀሱ።

ምን ይባላል? ሦስቱም የተመኙት አንድ ነገር ነበር፤ ማዖር እንዲሳካለት። ልጅ ዝም በል አለ፣ እናት ቀለደች፣ አባት ታዘዘ። ዕጣ ፈንታ ከዚህ ከፍቅር ውስጥ ሞት ካወጣ፣ ጥፋተኛው የቱ ነው? እኔ ፈልጌ አላገኘሁም።