አሥራ ሰባት ቁጥር ማን ነበር?

የኔትወርክ ኃላፊው ቢሻው በመገናኛ መሣሪያዎቹ ክፍል ውስጥ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ እንደጨበጠ ሞቶ ተገኘ። ክልሉ ገና ጎጆ በወጣ ሰሞን፣ የአሶሳ ቢሮዎች በኮምፒውተር መገናኘት በጀመሩ በስድስተኛው ወር ነው። ፊት ለፊቱ ስክሪን ላይ አንድ መልእክት ቀርቷል፦ «የገመዱን መስመር መብራት አጥፍቻለሁ፤ ገመዱን መንካት ትችላለህ።» የላኪው አድራሻ አሥራ ሰባት ቁጥር ነው። አሥራ ሰባት ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው የማህጁብ ኮምፒውተር ነው፤ የመብራቱ ማጥፊያም ያለው እዚያው መዝገብ ቤት ነው።

ገዳዩ እሱ ነው ያላለ የለም። ኢንስፔክተር እስከዳርም ዕለቱን በካቴና አሰረችው። በማግስቱ ግን ልቧ አላርፍ አላት። ዐቃቤ ሕግ ማምሻውን ፋይሉን ሊረከብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው ዕድሜውን እስር ቤት ሊጨርስ ይችላል። ብሳሳትስ? እያለች ስትብሰለሰል ማህጁብን ከነካቴናው ይዛ ቢሮው ደረሰች።

«ትናንት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መልእክቱ ሲላክ፣ የት ነበርክ?» አለችው።

«ምሳ። ቤት፣ ብቻዬን። ኮምፒውተር እሷን አጥፍቼ፣ ልብስ አልብሼ ሄድኩ።»

ጸሐፊዋ አገኘሁሽ ጣልቃ ገባች። «እሱ የሚያጠፋው ስክሪኑን ብቻ ነው። ሳጥኑ ሲያንጎራጉር ነው የሚያድረው። ቢሻው ስንቴ ነግሮት!»

የኔትወርክ ባለሙያው ሰራዊት ፈገግ አለ። «ቁጥር አይዋሽም፣ ኢንስፔክተር።»

«ቁጥሩን ለማሽኖቹ ማን ይሰጣል?»

«እኔና ቢሻው። በእጃችን ነው የምንጽፈው።»

«እኔም ማሽኔ ላይ አሥራ ሰባት ብዬ ብጽፍ አሥራ ሰባት እሆናለሁ?»

«መቼም... ይቻላል።»

«የአንተን ክፍል ሌላ ሰው ይከፍታል?»

«ማንም። ቁልፉ ከኪሴ አይወጣም።»

እስከዳር አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ በስልክ እየመራት የማህጁብ ኮምፒውተር የገጠመውን ሁሉ በራሱ የሚጽፍበትን የውስጥ መዝገብ ከፈተች። ከዚያ የሰራዊትን ማሽን አስከፍታ አየች። ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ሁለት ማሽን አንድ ቁጥር መያዝ አይችልም» አለች። «ገዳዩ በራሱ ማሽን ላይ አሥራ ሰባት ብሎ ጻፈ። የማህጁብ ኮምፒውተር የተሸፈነና የጨለመ ስለሆነ ጠፍቷል ብሎ ነው። አልጠፋም ነበር። ቁጥሬን ሊወስድ የመጣ አለ ብሎ መዘገበ፤ ፋብሪካው በመጣው ማሽን ላይ የቀረጸውን መለያ ጭምር። ገዳዩ ቁጥሩ እንቢ ሲለው የማህጁብን ገመድ ነቅሎ ደገመና መልእክቱን ላከ። በእጅ የሚጻፈው ቁጥር ይቀየራል፤ የፋብሪካው መለያ ግን አይቀየርም፤ እሱም የአንተ ማሽን ነው፣ ሰራዊት። ቁልፉም ከኪስህ አይወጣም።»

«ለምን ብዬ?»

«ቢሻው ስለ ዲፕሎማህ ኮሌጁን ጠይቆ ነበር። ትናንት ጠዋት የመጣለትን መልስ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት፤ እንዲህ ያለ ተማሪ አናውቅም ይላል።»

ሰራዊት ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ከሚያጋልጠኝ ሩቅ፣ ወደ ግልገል በለስ ከተማ ያዛውረኝ ብዬ ለመንኩት» አለ። «እንቢ አለኝ።»

እስከዳር የማህጁብን ካቴና በራሷ እጅ ፈታች። እፍረቷን መደበቅ አልቻለችም። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው።

ማህጁብ የእጁን አንጓ እያሻሸ ሳለ እንባው ወረደ።

«ሁላችሁ ገደልክ አላችሁኝ» አለ። «ጓደኛህ ሞተ ያለኝ የለም።»