መሪጌታ የሰሙት ፊልም

«አሁን ሰውየው ጫማውን እያወለቀ ነው» አለች ትንቢት፣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ እያስተካከለች።

አባቷ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ጫማውን? ምን ሊሆን?»

«ሊፈተሽ ነዋ። ኤርፖርት የሚገባ ሁሉ ያወልቃል። ቀበቶም ጭምር።»

«እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እንደምናወልቀው» አሉና ጢማቸውን እየዳበሱ አሰብ አደረጉ። «እንግዲያው የሚከበር ቦታ ነው። እሺ፣ ቀጥይ።»

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። የሹም አቦ ሰፈር የበዓሉን ምሳ በልቶ ጋደም ብሏል፤ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ የበሩን መጋረጃ ያወዛውዛል። ፊልሙን ከነላፕቶፑ ያዋሳት የክፍሏ ልጅ ቴዎ ነው። «ያበደ አክሽን ነው፣ ሙሉውን ኤርፖርት ውስጥ ነው» ብሎ ሲሰጣት መጨረሻው ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችውም። የፈለገችው ኤርፖርቱን ነበር።

የመሪጌታ ግራ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙም ከጥላ በቀር አያይም። አዲስ አበባ የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ ግሩም ከዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዞ የአውሮፕላን ቲኬት ልኳል፤ በረራው የፊታችን ሐሙስ ነው። ከዚህ በፊት የተያዙትን ቀጠሮዎች መሪጌታ አንዴ ጾም ነው፣ አንዴ ተማሪዎቼን ለማን ጥዬ እያሉ አሳልፈዋቸዋል። ሐኪሙ ደግሞ ይኼኛውም ካለፈ የቀረችው ብርሃን ትሄዳለች ብሏል። ስለዚህ እናቷ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ቤተሰቡን ሁሉ አስጠንቅቀዋል፤ በዚህ ቤት ስለ አውሮፕላን ደግ ደጉ ብቻ ይወራል። «አንድ ክፉ ነገር ከሰሙ አይሄዱም» ነው የሚሉት።

መሪጌታ ግን ጠያቂ ናቸው። ሻንጣው የት ይገባል? በሩን ማን ይዘጋዋል? በቤቱ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ስለሌለ መላሽ ጠፋ። ትንቢትም ብትሆን ለማወቅ ጓጉታለች። ለእናቷ «የገና ፊልም ነው» አለቻቸው። እውነቷን ነው፤ ታሪኩ የሚሆነው በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ነው።

ፊልሙ ውስጥ አቅመ ደካማ መንገደኞችን በተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋ አንዲት ሴት አለች። ለሕክምና የሚበሩ አንድ ሽማግሌ እየገፋች ሳለ፣ ቀይ ካባ የለበሱና ነጭ ጢም ያላቸው ሰዎች ወደ ዕቃ ክፍሉ ሲሹለኮለኩ ታያለች። መሪጌታ ጳጳሳት ይሆኑ እንደሆነ ጠየቁ። ትንቢት ሳቋን እየዋጠች፣ የገና አባት መስለው የመጡ ሌቦች መሆናቸውን ነገረቻቸው። ሴትዮዋ እነሱን ስታሳድድ ሻንጣው የሚሄድበትን ሁለቱም አወቁ። ሻንጣው ከሚያልፍበት የጎማ መጋረጃ ጀርባ ዕቃ የሚያጓጉዝ መዓት ተንቀሳቃሽ መንገድ አለ፤ አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ይጠመዘዛል። ትንቢት መተርጎሙን ትታ አፏን ከፍታ ስታይ፣ መሪጌታ በክርናቸው ጎሰም አደረጓት።

ከዚያ ሽማግሌው የተሳፈሩበት አውሮፕላን በበረዶ ውስጥ ተነሣ።

ብዙም አልሄደም። አዘመመ፤ ከዚያ መሬት ላይ ተንሸራቶ ተሰበረ። ሰዎች አንድ በአንድ እየተደገፉ ወጡ፤ ሽማግሌው ግን አልወጡም። ሴትዮዋ ባዶውን ወንበር ይዛ ታለቅሳለች። ትንቢት ሐሙስ ታወሳት።

«ደረሱ፣ አባባ» አለች ቶሎ ብላ። «በሰላም ደረሱ። ሴትዮዋ አቀፈቻቸው።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ወለሉን መታ አደረጉ። ዜማ የሚያስተምሩት እንደዚህ ነው። መጽሐፍ አያዩም፤ ተማሪው አንዲት ቃል ከዘለለ መቋሚያው ይናገራል፣ ልጁም ወደ ኋላ ይመለሳል።

«መልሺ» አሉ።

«ምኑን?»

«ዘለልሽ። የምሰማው የሐዘን ዜማ ነው፣ ዕዝል። አንቺ ግን እንደ ዘወትሩ በግዕዝ ዜማ ነገርሽኝ።»

«የደስታ ልቅሶ ነው፣ አባባ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ሳዳምጥ የኖርሁ ሰው ነኝ፣ ልጄ።»

ትንቢት ጨነቃት። ብትነግራቸው ይቀራሉ፤ ከቀሩ ዓይናቸው ይጠፋል። ብትዋሻቸው ደግሞ ውሸቷን እያወቁ ዝም ይሏታል፤ ይኼ ከሁሉ ባሰባት። ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችውና ያየችውን እንዳየችው ተናገረች። መዝመሙን፣ መሰበሩን፣ ባዶውን ወንበር፣ ምንም አላስቀረችም።

«ሽማግሌው ሞቱ» ብላ ጨረሰች።

«ነፍሳቸውን ይማር» አሉ መሪጌታ፣ የጎረቤት ሰው መርዶ የተረዱ ይመስል። ከዚያ ጢማቸውን መዳበስ ያዙ። ትንቢት እንባዋ መጣ። በቃ፣ ሐሙስን በገዛ እጇ አበላሽታዋለች።

«እናትሽ ወንበር ላይ እንደ መቀመጥ ነው አለችኝ» አሉ በመጨረሻ። «ግሩም ደግሞ ይተኛሉ፣ ሲነቁ ደርሰዋል አለኝ። ተማሪዎቼ እንኳ ያባብሉኝ ጀመር። ይኼ ሁሉ ሰው የሚያባብለኝ ምን ቢደብቀኝ ነው እያልሁ ነው የቀረሁት።» ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። «አንቺስ ትፈሪያለሽ?»

«በጣም። ቢሄዱም እፈራለሁ፣ ቢቀሩም እፈራለሁ።»

«እኔም» አሉ መሪጌታ። ትንቢት አባቷ እንደሚፈሩ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም፤ ግን ቀለል አላትና እንባዋን ጠረገች።

መጋረጃው ተገለጠና እናቷ የተቆረሰ ድፎ ዳቦ ይዘው ገቡ። ፈገግ ብለው፣ የገናው ፊልም ምን እንደሚል ጠየቁ።

ትንቢት አባቷን አየቻቸው። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘንብለዋል። አንድ ደግ ነገር ፈልጎ መናገር ቀላል ነበር።

«አውሮፕላን ወድቆ ሰው የሞተበት ፊልም ነው፣ እማዬ» አለች።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሳህኑን እንደያዙ ባሉበት ቀሩ። መሪጌታ ግን መደቡ ላይ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁ።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አሏቸው። «ሐሙስ ሳልሄድ የሌቦቹን መጨረሻ ልስማው።»

ትንቢት ድምፁን ከፍ አደረገችና ፊልሙን ካቆመችበት ቀጠለች።