የአባቷ ሳል

በጠፈር መርከቢቱ በጣዝማ ላይ ዳኝነት ሲበላሽ የሚጠራው መካኒክ ሳይሆን የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ነው። ዳኛው ቃል-መዛኝ ነዋ፤ የሰውን ድምፅ ሰምቶ ከመዝገበ ቃላት ጋር እያመሳከረ የሚፈርድ ማሽን። መርከቢቱ ያለቻት አዘጋጅ ደግሞ ዘርፈሽዋል ብቻ ናት። ስለዚህ ማሽኑ «ፍርዴና ማስረጃዬ አልገጥም አሉኝ» ብሎ ሲቆም፣ ተከሳሹ የገዛ አባቷ ቢሆኑም እሷው ተጠራች።

አባቷ አቶ ይመኑ አርባ ዓመት ሙሉ የአየር ማጣሪያ የጠገኑ ሰው ናቸው። አዛዡ ንግግር ሲያደርግ ሳል አስቸገራቸው፤ «የሹም ሥልጣን ሸርሽረዋል» ተብለው አየሩ ስስ ወደሆነው ታችኛው ክፍል ከወረዱ ስምንት ቀናቸው ነው። ዘርፈሽዋል ብልሽቱን ቶሎ ካላገኘች ያ አቧራ የበላው ሳንባ አይችለውም።

ቃሉን ከፈተችው።

«መሸርሸር፦ የሹምን ሥልጣን ከሥር ከሥሩ ማዳከም። ምሳሌ፦ አዛዡ ሲናገር ከኋላ ሆኖ በሳሉ ሥልጣኑን ሸረሸረው።»

ምሳሌው የእሷ ነው። የመዝገበ ቃላት ሰው ምሳሌ ሲያጥረው ከቤቱ ይበደራል። አባቷ በጉብዝናቸው ጊዜ አዛዡ ሲዋሽ ከኋላ ሆነው «እህ! እህ!» ይሉ ነበር፤ አዳራሹም በሳቅ ይፈርስ ነበር። ያንን ነው እየሳቀች የጻፈችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የብዕር ወለምታማ በምን ይታሻል!

ምሳሌውን ሰረዘችው። «ግን አባባ ለምን ታምሜ ነው አላሉም?» ብላ ጠየቀች።

ማሽኑ አባቷን የጠየቀበትን የምርመራ ድምፅ አሰማት።

«ሳልዎ ሕመም ነው ወይስ ሆን ብለው ነው?»

«ሕመም ከሆነስ፣ አጥፊው ማን ሊሆን ነው?» የአባቷ ድምፅ ነው።

«ምሳሌውን የጻፈችው ትጠየቃለች።»

ረጅም ሳል ተሰማ። ከዚያ፣ «እንግዲያው ሆን ብዬ ነው። ጻፈው።»

«ሳንባቸውን መርምሬያለሁ፤ ሐሰት ነው» አለ ማሽኑ። «ሰው በራሱ ላይ ለምን ይዋሻል? ያልገባኝ ይህ ነው።»

ዘርፈሽዋል ወደ ታችኛው ክፍል ሮጣ ወረደች። ጠባቂው ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆሟል።

«እትዬ፣ አሁን ማለዳ አረፉ» አላት።

ደረታቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። ዝም ያለው ደረት ከሳሉ ሁሉ ይልቅ አንጀቷን በላው።

ስትመለስ ማሽኑ እየጠበቃት ነበር፤ መዝገቡ ምሳሌ የሌለው ቃል አይቀበልም። ጻፈችለት፦ «አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ዋሽተው የመርከቢቱን ፍርድ ሸረሸሩት።» ከሥሩም ስሟን አኖረች።

«ይህ ስሕተት ነው ወይስ ሆን ብለው ነው?» አላት።

«ሆን ብዬ ነው» አለች ዘርፈሽዋል። «ጻፈው።»