የጳጉሜ ፀጉር

አዝመራ ከጋሽ ይፍሩ ግቢ በር ስትደርስ ፍርሃቷ አልቆ ነበር። ተንሳፋፊ መኪናዋን ጓሳ ሜዳ አፋፍ ላይ ስታሳርፍ ከሥሯ ያለውን ገደል አይታ ልቧ ድው ድው ማለት ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን እጇ ላይ ያለው አረጋጊ እንደ ልማዱ ሞቅ አለና ፍርሃቱን ወሰደላት። አረጋጊ በየአራት ደቂቃው ልብን እያዳመጠ የበዛውን ስሜት ዝቅ፣ የጎደለውን ከፍ የሚያደርግ ቀጭን አምባር ነው። ከተማ ውስጥ ያላሰረ የለም። አንድ ሰው በባዶ እጁ ቢታይ እንኳ የሚስቅበት አይገኝም፤ ሳቁ ከአፍ ሳይወጣ አረጋጊው ይደርስበታላ!

የጋሽ ይፍሩ አርባ አንድ አልፓካዎችም ያንኑ አረጋጊ አንገታቸው ላይ አስረው፣ አጥሩ ጥግ ተደርድረው፣ በአፍንጫቸው እያንጎራጎሩ ተቀበሏት። አልፓካ የግመል ዘመድ ነው፤ አንገቱ ረጅም፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ፀጉሩ በእጅ ሲይዙት ያለ የማይመስል። ቅድመ አያቶቹ ከባሕር ማዶ ተራሮች ይምጡ እንጂ እነዚህ እዚሁ መንዝ ተወልደው ያደጉ፣ ውርጩን ከሰው በላይ የለመዱ ናቸው።

አዝመራ ፀጉር መርማሪ ናት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከአንዱ ትንሽ እርሻ ወደ ሌላው ስትዞር፣ አንጎራ ጥንቸል ከሚያረቡ ባልና ሚስት ጀምሮ ስድስት ፍየል ብቻ እስካላቸው መነኩሴ ድረስ የማታውቀው ግቢ የለም ማለት ይቻላል። እርጎ ሳያቀምስ የሚሸኛት ቤት አልነበረም። ወደዚህ ግቢ ግን ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ የመጣችውም ለደግ አይደለም።

«ግቢ፣ ግቢ! ውሻው ጥርስ የለውም፤ አትፍሪ» አሉ ጋሽ ይፍሩ። ስድሳዎቹን ያገባደዱ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው።

«አልፈራሁም ጋሼ።»

«እሱስ፣ ያ እጅሽ ላይ ያለው ነገር መች ያስፈራሻል!»

ባለቤታቸው እትዬ እማዋይሽ እንዝርታቸውን እንደያዙ ከኋላ ብቅ አሉ። የሁለቱም እጅ ባዶ ነበር። ለእንስሳቱ እንጂ ለገበሬዎቹ አረጋጊ ያደለ የለም፤ እነሱም አልጠየቁም።

አዝመራ ነገሩን አላጓተተችውም። ቀጣሪዋ የሸራ ቤት «ንጋት» ለምትባለው መንኮራኩር ሸራ ይሠራል። ሸራው የፀሐይ ብርሃን እንደ ነፋስ የሚገፋው፣ ስፋቱ ወረዳ የሚያህል ስስ ጨርቅ ነው፤ የሚሸመነውም ለዚሁ ተብለው ከተዳቀሉ እንስሳት ፀጉር ነው። ሦስት መቶ ሰዎች በዚያ ሸራ ተጎትተው ወደ ሌላ ኮከብ ይሄዳሉ፤ አይመለሱም። ባለፈው ወር ግን ሸራው በሙከራ ላይ ተቀደደ። ሲጣራ፣ በሸራው ውስጥ ካለው ፀጉር ሁሉ እንከን የተገኘበት የጋሽ ይፍሩ ብቻ ሆነ።

«ዛሬ ነሐሴ ሠላሳ ነው። እንከኑን ካረጋገጥኩ መስከረም ሲጠባ አልፓካዎቹን ሁሉ ይወስዷቸዋል» አለች።

«ወዴት?»

«ይወገዳሉ ጋሼ።»

እትዬ እማዋይሽ የሚሽከረከረውን እንዝርት በመዳፋቸው አቆሙት። «ይታረዳሉ በይና ይውጣልሽ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አልፓካዎቹ መለሱ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ሲወለዱ እያንዳንዳቸውን በነጠላቸው ጠርገው ያደረቁ እሳቸው ናቸው። የአዝመራ አረጋጊ ሞቅ አለ። ልታዝን ጀምራ ነበር፤ ተወችው።

ናሙና ለመውሰድ የመረጠችው አባ ጎፍናኔን ነው። አባ ጎፍናኔ ፀጉሩ መሬት የሚጠርግ ሽማግሌ ወንድ ሲሆን፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይሸለት ኖሯል። የሚሸልተውን ማሽን ሁለት ጊዜ አረጋጊው ሳይደርስበት ረግጦ ሰብሯል። አዝመራ አንዲት ፀጉር ከትከሻው ስትመዝ ዞር ብሎ አየት አደረጋትና ያመነዠከውን ሣር ፊቷ ላይ ተፋባት።

«ወዶሽ ነው» አሉ ጋሽ ይፍሩ፤ እትዬ እማዋይሽም ከነእንባቸው ሳቁ።

ፊቷን ጠርጋ የመዘዘችውን ፀጉር አንባቢው ውስጥ አስገባች። አንባቢው የብረት ምጣድ የምታህል ሣጥን ናት፤ ያስገቡላትን ፀጉር አጉልታ በብርሃን አየር ላይ ትዘረጋዋለች። የአባ ጎፍናኔ ፀጉር ከቤቱ ደጃፍ ጀምሮ እስከ አጥሩ ድረስ፣ አርባ እርምጃ ሙሉ፣ በደረት ቁመት ላይ ተዘረጋ። ውፍረቱ የዋርካ ግንድ ያህል ነበር። የተዘረጋ ፀጉር ስታይ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ ሁልጊዜም የምታየው አንድ ነገር ነው፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ፣ ብርማ፣ ቀኑ ከቀኑ የማይለይ።

ይህኛው ግን በየሰባት እርምጃው አንድ ስንዝር የምታህል ቀለበት ነበረችበት። ስድስት ዓመት፣ ስድስት ቀለበት። አዝመራ ወደ መጀመሪያዋ ተጠጋች። ልሙጡ ፀጉር እዚያ ሲደርስ ቆዳው ተነሥቶ ቅርፊት ለብሷል፤ ቅርፊቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ወርቅማ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ስም የሌለው ቀለም እየሆኑ ያበራሉ። አምስት ሸንተረሮች ቆጠረች። አምስት ቀን ማለት ነው። በአንደኛው ሸንተረር ላይ ፀጉሩ ቀጥኗል፤ በሁለተኛው አብጧል፤ በሦስተኛው ላይ እንደ ተራራ ሰንሰለት ሺህ ጊዜ ወጥቶ ሺህ ጊዜ ወርዷል። አንድ እንስሳ በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ሁሉ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም። አፏን ከፍታ ቀረች። አረጋጊው አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞቀ፤ ግርምቷን ግን ጨርሶ ሊወስደው አልቻለም።

ጋሽ ይፍሩም ከጎኗ ሆነው በብርሃኑ ግንድ አጠገብ ይራመዱ ነበር። እጃቸውን በኋላቸው አጣምረው፣ የራሱን ማሳ እንደሚጎበኝ ሰው። አራተኛዋ ቀለበት ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ውይ፣ ይቺ በረዶው የዘነበባት ናት!» አሉ። «እያት እማዋይሽ፣ አንዱ ግልገል ጎርፍ ውስጥ ገብቶ አባ ጎፍናኔ ዘሎ የተከተለው ጊዜ። ይኸው! ልቡ ሲመታ ይታያል እኮ!»

«አንተ ሰውዬ!» አሉ እትዬ እማዋይሽ።

ጋሽ ይፍሩ አፋቸውን ያዙ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ አዝመራ ቀስ ብላ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ጋሼ፣ እነዚህ ቀለበቶች ምን እንደሆኑ ያውቃሉ ማለት ነው?»

ሽማግሌው ባለቤታቸውን አዩ። እትዬ እማዋይሽ በረጅሙ ተነፈሱና «ንገራት። ከዚህ ወዲያ ምን ይመጣል?» አሏቸው።

«ጳጉሜ ናት» አሉ ጋሽ ይፍሩ። «አረጋጊውን የሠሩት ሰዎች የሐበሻ ወር ስንት ቀን ነው ብለው ጠየቁ፤ ሠላሳ ተባሉ። ዓመቱስ ስንት ወር ነው ብለው አልጠየቁም። እንደ ራሳቸው ነው ብለው አሥራ ሁለት አደረጉት። የመጀመሪያው ዓመት ጳጉሜ አንድ ሲገባ፣ የአርባ አንዱም አንገት ላይ ያለው ‹ይህ ቀን የለም፣ ይህ ቀን የለም› እያለ ሲጮህና ሲቆነጥጣቸው አረፈደ። ምን ላድርግ? ፈታሁላቸው። አቤት ልንል ቅጹን ከፈትን፤ ቀን የሚሞላበት ቦታ ላይ ጳጉሜ የሚባል ወር የለም! መስከረም እስኪጠባ ጠብቀን አመለከትን። መጥተው አዩና፣ ዕቃው ደኅና ነው፣ ሐሰት ተናገራችሁ አሉን።»

«ከሁለት ዓመት በኋላ ማረሚያ ተልኮ ነበር እኮ። ሁሉም እርሻ ተቀብሏል።»

«እኛም ደርሶናል። አልጫንነውም።»

«ለምን?»

«አይተናቸው ነበራ!» አሉ ሽማግሌው። «ዓመቱን ሙሉ እንደ ግንድ ተደርድረው የሚቆሙት፣ አንገታቸው ባዶ ሲሆን ይፈራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይቦርቃሉ። ሲበርዳቸው ተጠጋግተው ይተኛሉ። አምስት ቀን ነው ልጄ። አምስት ቀን ይኑሩ ብለን ነው።»

አረጋጊ መፍታት ክልክል ነው፤ አዝመራ ይህን ታውቃለች፣ እነሱም ያውቃሉ። እንከኑም ምክንያቱም በእጇ ገብቷል። ሪፖርቷን ለመጻፍ ተቀመጠች። መዳፍ የምታህል የተቀደደው ሸራ ቁራጭ ከቦርሳዋ ወጥታ አግዳሚው ላይ ተዘርግታ ነበር። እትዬ እማዋይሽ አነሡዋትና እንደ ፈታይ ሁሉ በዓይናቸው ሳይሆን በጣታቸው መመርመር ጀመሩ።

«ይቺ ክር ነች የእኛ» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«ያልተበጠሰችዋ ናታ።»

አዝመራ ብዕሯን አስቀመጠች። ስንጥቁ ከላይ ጀምሮ መቶ ክር፣ ሁለት መቶ ክር እየበጠሰ ወርዶ፣ አንዲት ክር ላይ ሲደርስ ቆሟል። እትዬ እማዋይሽ ያችን ክር በጥፍራቸው ነካ አደረጓት።

«አየሽ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ለስላሳ የሆነ ፀጉር እንዝርት ላይ ይሾልካል። ክር ክር የሚሆነው ፀጉር ፀጉርን ሲይዘው ነው። የሚይዘው ደግሞ ሻካራው ቦታ ነው። ይህን የምታውቅ አንዲት ፈታይ እንኳ የላችሁም?»

«የሚፈትለው ማሽን ነው እትዬ።»

«እሱስ ማንን ይጠይቃል!»

አዝመራ ክሯን አንባቢው ውስጥ ከተተቻት። ብርሃኑ ተዘረጋ። ልሙጦቹ ፀጉሮች ሁሉ ተንሸራተው ተለያይተዋል፤ የጳጉሜ ቀለበት ያለባቸው ግን ቅርፊት በቅርፊት ተቆላልፈው፣ እንደተቃቀፉ አሉ። የሸራ ቤት በእንከን የከሰሳት ይቺ ክር ሸራውን ይዛ የቆመች ብቸኛዋ ነበረች።

ለአለቃዋ ለአቶ ሳምሶን ወዲያው፣ ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ደወለች። ነገሩን ሁሉ በተረጋጋ መንፈስ አዳመጡ፤ እሳቸው ሁሉን በተረጋጋ መንፈስ ነው የሚያዳምጡት።

«መልካም ዜና ነው» አሉ። «እንስሳቱ አይነኩም። በሁሉም እርሻ አምስቱን ቀን አረጋጊው ራሱ ያስመስልላቸዋል፦ ትንሽ ብርድ፣ ትንሽ ፍርሃት፣ ትንሽ ደስታ። አንቺ እዚያው ሰንብተሽ መጠኑን ለክተሽ አምጪ።»

ጋሽ ይፍሩ የመጀመሪያዋን ቃል ሲሰሙ መሬት ስመው ነበር፤ የመጨረሻዋን ሲሰሙ ግን ቀና አሉ። «ደስታ ትንሽ ተብሎ ይለካል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። አዝመራ መለኪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች።

በማግስቱ ጳጉሜ ገባ። አርባ አንድ አረጋጊዎች ተፈትተው በአንድ ሰፌድ ላይ ተቀመጡ። ሦስተኛው ቀን የሩፋኤል ዕለት ነው፤ በዚያ ቀን የሚዘንብ ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ወጥቶ ይጠመቅበታል። ከረፋዱ ላይ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡን አወረደው። አልፓካዎቹ መጀመሪያ ደንግጠው ተበታተኑ፤ ከዚያ አንዱ ዘለለ፤ ከዚያ አርባ አንዱም ግልገል የሆኑ ይመስል ሜዳውን ያምሱት ገቡ። አባ ጎፍናኔ ያንን የስድስት ዓመት ጎፈሬውን እያራገፈ በጭቃ ተንከባለለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አንጋጠው፣ ጮክ ብለው እየሳቁ በዝናቡ ይደበደባሉ።

አዝመራ ከጣራው ሥር መለኪያዋን ይዛ ታያቸው ነበር። ድንገት የሆነ ነገር ትዝ አላት። ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ነው፤ ስድስት ዓመት አልቆረጠችውም። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን የራሷን አንብባ አታውቅም። አንዲት ነቀለችና ሣጥኑ ውስጥ አስገባች።

ዝናቡ መሐል አርባ እርምጃ ብርሃን ተዘረጋ። ልሙጥ ነበር።

ከሥሩ ጀምራ እየቆጠረች ሄደች። እናቷ የሞተችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ያችን ሳምንት ፈለገቻት። ሃያ ስድስተኛው እርምጃ ላይ ቆመች፤ ወደኋላ ተመለሰች፤ ወደፊት ሄደች። እናቷን የቀበረችበት ቀን ካልሲ ከገዛችበት ቀን አልተለየም። እስከ ጫፉ ድረስ አንድ እንከን አልነበረበትም። ሦስት መቶዎቹ የ«ንጋት» ተሳፋሪዎች ትዝ አሏት፤ ሁሉም አረጋጊ አስረው ነው የሚሄዱት። ሸራውስ እሺ፣ አይቀደድም። እነሱን እርስ በርሳቸው የሚያያይዛቸው ምንድን ነው?

አምባሩን ፈታችና ሰፌዱ ላይ፣ ከአርባ አንዱ ጋር አኖረችው። አርባ ሁለት ሆኑ። ከዚያ ከጣራው ሥር ወጣች።

መጀመሪያ የመጣው ብርዱ ነበር። ቀጥሎ፣ አራት ዓመት ዘግይቶ፣ ሌላው መጣ፤ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። እትዬ እማዋይሽ እየሮጡ መጡና ጎንበስ ብለው አቀፏት።

«ምነው ልጄ፣ በረደሽ?»

«እናቴ ሞታለች» አለች አዝመራ።