ስልሳ ሦስት ላይ የቆመው ዲስክ

ላፕቶፑ እንደ ታመመ ሰው አቃሰተና ዝም አለ። የመጫኛው ቁጥር ስልሳ ሦስት ከመቶ ላይ ቆሟል።

«በናትህ፣ በናትህ፣» አለችው ንቢት፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ጉልበቷን እያርገፈገፈች። ዲስኩ ለመዞር ሞከረ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ። ከዚያ ያቺ የጠላቻት ትንሽ ሳጥን ስክሪኑ መካከል ብቅ አለች፦ «ዲስኩን ማንበብ አልተቻለም። እንደገና ይሞክሩ።»

ሞክራለች። ከምሳ በፊት ሞክራለች፣ ከምሳ በኋላ ሞክራለች፣ ላፕቶፑን አጥፍታ አብርታም ሞክራለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ንቢት ስሟ አይደለም። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ቤተሰቡ ያወጣላት ነው። ትምህርት ቤትም ተከትሏት ስለሄደ፣ ዋናው ስሟ የሚሰማው አስተማሪ ስም ሲጠራ ብቻ ነው።

ዲስኩም የእሷ አይደለም። ክፍል ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጠው፣ በመነጽሩ ምክንያት ሁሉም «መነጽር» የሚሉት ልጅ ነው፤ እንዲያውም የመነጽርም አይደለም፣ የታላቅ ወንድሙ ነው። ዲስኩ ላይ ያለው ከተማ የሚገነባበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ ወንድምየው እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። መነጽር የጆሮ ማዳመጫውን ከሰበረበት ጊዜ ጀምሮ አንዲት ዕቃ አላዋሰውም። ሰሞኑን ግን ኮምፒውተሩን ይዞ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ፣ እንደ እርቅ አድርጎ ዲስኩን ትቶለት ሄደ። «እስክመለስ ተጫወትበት። ይቺን ካበላሸህ ግን ከእንግዲህ ዕቃዬን በዓይንህም አታያት።» የሚመለሰው ነገ ነው። መነጽር ትናንት ዲስኩን ለንቢት ሰጣት፤ እሷ ስትጭነው ሊቆይ፣ እሱ የአባቱን ሱቅ ጠብቆ ሊመጣ፣ ማታ ድረስ ሊጫወቱ ተስማሙ።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጪው?» አለች እናቷ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ላፕቶፑ የሚቀመጠው ጨርቅ በምትቆርጥበት ሰፊ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው።

«ዲስኩ ቀሽም ነው፣ እማ። ተጭሯል መሰለኝ።»

«መሰለኝ ነው ወይስ አይተሻል?»

ንቢት «እንደገና ይሞክሩ» የምትለዋን ደጋግማ ተጫነች።

«እኔ መኪናዬ ስፌት ሲዘልብኝ ጨርቁን አልሰድብም፣» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ። «ሌላ ቁራጭ አስገብቼ አያለሁ። ያኛውንም ከዘለለ ጥፋቱ የመኪናው ነው። ሌላ ዲስክ የለሽም?»

«ይሄ እኮ ልብስ ስፌት አይደለም።»

«አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለውም ለልብስ ሰፊ ብቻ አይደለም።»

ንቢት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ዲስኩን አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘወር አደረገችው። ጠርዙ አጠገብ ፀጉር የምታህል ጭረት አለች። «በቃ፣ አገኘሁሽ፣» አለቻት። ዲስኩ ላይ ተነፈሰችበትና በሹራቧ እጅጌ ሳሕን እንደሚያጥብ ሰው እያዞረች ፈተገችው። አልጠግብ ብላ መታጠቢያ ቤት ሮጠች፤ የጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል ሲባል የሆነ ቦታ ሰምታለች። ከማን እንደሰማች ለማስታወስ ግን ጊዜ አልነበራትም። ሳሙናውን ቀብታ፣ ወለል በሚወለወልበት ጨርቅ አሁንም በክብ በክብ አሸችው። አጠበችው፣ አደረቀችው፣ እየሮጠች ተመልሳ አስገባችው።

ሰባት ከመቶ። ቋ፣ ቋ። ያቺው ሳጥን።

አውጥታ አየችው። መስታወት ይመስል የነበረው ዲስክ የተቆረጠ ግንድ መስሏል፤ ክብ በክብ ላይ፣ ክብ በክብ ላይ።

እጇን ምን እንደምታደርገው ስላጣች ከመደርደሪያው የእናቷን የመዝሙር ዲስክ መዘዘችና ከተተችው። ዘማሪዋ ጀመረች፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ እንደ ስቅታ አንድ ቃል ደጋገመችና ጭራሹን ጠፋች።

የስፌት መኪናው ቆመ። «እሱንም ዘለለው?» አለች እናቷ።

ንቢት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የዲስኩን ማስገቢያ ስባ ዝቅ ብላ ተመለከተች። ዲስኩን የምታነበው፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንሰው የሌንስ ዓይን ላይ ግራጫ የጨርቅ ብናኝ ተኝቶባታል። ማስገቢያውን ክፍቱን እየተወች መሄድ ልማዷ ነው፤ ያውም ቀኑን ሙሉ ጨርቅ በሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይ። እናቷ «ዝጊው» ያለቻትን ቤት ይቁጠረው።

እናቷ መኪናዋን የምታጸዳበትን ለስላሳ ብሩሽ አቀበለቻት፤ ጥጥና ጥቂት አልኮልም ጨመረችላት። «ቀስ ብለሽ። እንደ ሕፃን ዓይን።»

ንቢት ትንፋሿን ይዛ ጠረገችው። መዝሙሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ወጣ፤ እናቷም በለሆሳስ አብራ አዜመች። ጨዋታው ግን አርባ አንድ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ብትሞክር አርባ አንድ። ላፕቶፑ አሁን ንጹሕ ነው። አሁን የታመመው ዲስኩ ነው፤ ያሳመመችውም እሷ።

እናቷ አየቻትና ብሩሹን ከእጇ ተቀበለቻት።

በሩ ተንኳኳ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?» አለ መነጽር ገና ከደጁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግባ የኔ ልጅ።»

«እሺ ከንቲባዋ፣ ከተማችን ተሠራ?» አለና ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «ምነው?»

ዲስኩን ሰጠችው። አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን እሱ ቀደማት። ዲስኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ብዙ አላገላበጠውም፤ አንዴ አይቶ አንገቱን ደፋ።

«ንቢት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትስቂብኝ። ትናንት ሳልሰጥሽ በፊት ደረጃ ላይ ወድቆብኝ ነበር። በፊቱ ነው የተደፋው። በሱሪዬ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ዝም አልኩሽ። ከሠራ አይታወቅብኝም ብዬ ነው እኮ።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ጀመር። «አቦ፣ ቀኑን ሙሉ በከንቱ አለፋሁሽ። ይቅርታ።»

ንቢት የከፈተችው አፍ ተመልሶ ተዘጋ።

መንገዱ ራሱን ጠርጎ ጠበቃት። መዋሸት እንኳ አይጠበቅባትም፤ ዝም ማለት ብቻ። «ችግር የለም» ብትለው እንዲያውም ደግ ትባላለች።

«ነገ ለወንድሜ እኔ ጥዬው ነው እለዋለሁ፣» አለ መነጽር። ሊስቅ ሞክሮ ተወው። «ማዳመጫው ላይ ይቺ ስትጨመር፣ በቃ፣ ተበላሁ። ትናንት ስልክ ደውሎ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አሁንስ አድገሃል› አለኝ።»

ከጠረጴዛው ማዶ የእናቷ መኪና ጸጥ እንዳለ ነው። ንቢት ቀና ብላ አየቻት። እናቷ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች ነበር፤ ወደ እነሱ አልዞረችም። ክሩ ገባላት መሰል፣ መኪናው ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ።

የንቢት ጉልበት እንደልማዱ እየተርገፈገፈ ነው። መዳፏን አሳረፈችበት። ከዚያ ተነሥታ በርጩማው ላይ የተከመረውን ጨርቅ ወደ ጠረጴዛው አዛወረችና በርጩማውን ለመነጽር ገፋችለት።

«ቁጭ በል።»

«ኧረ ልሂድ፣ አባቴ ሱቁን ብቻውን...»

«ቁጭ በል ስልህ። መነጽርህንም አድርግ።»

ግራ ገብቶት ተቀመጠ። ዲስኩን ከእጁ ወስዳ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው፤ ጣቷንም ጠርዙ አጠገብ ያለችው ፀጉር የምታህል ጭረት ላይ አሳረፈች።

«ያንተ ይቺ ናት። ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ምንም አታደርግም ነበር። አየኻት?»

«እ... ሌላው እሺ? እነዚህ ክቦቹ?»

ንቢት ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ጫፉ ላይ ሳይሆን፣ ጀርባዋን እስከ መደገፊያው አስጠግታ። ከጠዋቱ ጀምራ ነገረችው፤ ብናኙን፣ ሹራቡን፣ የጥርስ ሳሙናውን፣ የወለሉን ጨርቅ ሳይቀር። እሱ አላቋረጣትም። ስትጨርስም ክቦቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ተከተላቸው፤ እሷም አላቻኮለችውም።

«የወለል ጨርቅ?» አለ በመጨረሻ።

«የወለል ጨርቅ።»

ራሱን ነቀነቀ። ተናዶ ይሁን ገርሞት አልታወቃትም።

ንቢት ከእናቷ ቁርጥራጮች መካከል ለስላሳውን መርጣ ዲስኩን ጠቀለለችው። ለእሱ ግን አልሰጠችውም፤ የራሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው።

«ወንድምህ ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» አለችው።