የካባው ማስጠንቀቂያ

የሰራዊት አስከሬን ከድንጋይ ክምር ሥር ሲወጣ ሁለት እጆቹ እስከ አንጓቸው ነጭ ነበሩ። ከድንጋይ ካባው ሠራተኞች አንዱ «አቧራ ነው» አለ። ኢንስፔክተር የወርቅውሃ ተንበርክካ በጥፍሯ ፋቅ ስታደርገው ግን አቧራ አልነበረም። በውሃ ተቦክቶ እጅ ላይ የደረቀ ጀሶ ነበር። ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች።

ካባው ከአሶሳ ወደ ቶንጎ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ለመንገድ ሥራ የሚሆን ድንጋይ በድማሚት እየተፈነዳ ይወጣበታል። ሟቹ የካባው ጂኦሎጂስት ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ላይ ሳለ እሱ ብቻውን ገደሉ ሥር ቆሞ ተራራው ወረደበት። እንዲህ ያለ መዓት እንዳይመጣ ኩባንያው መላ አበጅቶ ነበር፤ ፍንዳታ ሊካሄድ ሲል አስቀድሞ ኮምፒውተር ላይ ሲመዘገብ ለሁሉም ስልክ ወዲያው የማስጠንቀቂያ መልእክት ይላካል። በዚያ ቀን ፍንዳታው በደንብ ተመዝግቧል። ሠራተኞቹ ግን «መልእክት የሚባል አላየንም» ብለው ይምላሉ።

ጥፋተኛዋ የተገኘችው ምርመራው ሳይጀመር ነው። ማስጠንቀቂያውን የሠራችው በአሶሳው ቢሮ የምትሠራው ትህትና ስለነበረች፣ «የእሷ ኮምፒውተር ገደለው» ተባለ፣ አለቀ። ለቅሶ ልትደርስ ስትመጣ ድንጋይ ወረወሩባት። ፖሊስ መጀመሪያ ሊያድናት ወሰዳት፣ ከዚያ ደግሞ እጇ ላይ ካቴና አስገባ። የኢንስፔክተሯ አለቃ ደውሎ «ልጅቷን ክሰሻትና ፋይሉን ዝጊ፤ ሰዉ ሊያብድ ነው» አላት። የወርቅውሃ «እሺ ጌታዬ» ብላ ስልኩን ዘጋች፤ ፋይሉን ግን አልዘጋችም። ያልገባትን ነገር መዝጋት የማይሆንላት ግትር ሴት ናት፤ ለዚህም ይመስላል ጓደኞቿ ኮማንደር ሲሆኑ እሷ ኢንስፔክተር ሆና የቀረችው።

የካባው ሥራ አስኪያጅ ቢሻው በካምፑ ኮንቴይነር ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ወንበር እንኳ ሳይጋብዛት ተቀበላት።

«ገዳይዋን አስራችኋል፤ እዚህ ምን ቀረሽ?»

«ጥቂት ጥያቄ ነበረኝ።»

«ጠይቂና ውጪልኝ። የቆመ ማሽን አለብኝ።»

«የዚያን ቀን መልእክቱ ለእርስዎ ደርሶዎታል?»

«ደርሶኛል እንጂ! ደርሶኝ አይደል በሬዲዮ ‹ሰው የለም፣ ተኩስ› ያልኩት?»

«ስልክዎን ባየው?»

«አጥፍቼዋለሁ። የመልእክት መጋዘን ነኝ እንዴ?»

«ሌሎቹ አልደረሰንም ይላሉ።»

«የዚያች ልጅ ሥራ እንዲያ ነው! ለአንዱ ይደርሳል፣ ሌላው ጋ ይቀራል። ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ጉድ።»

«ጠዋት ሰራዊትን አይተውት ነበር?»

«አላየሁትም። አሶሳ ያለ ነበር የመሰለኝ።»

«ተጣልታችሁ ነበር ሲባል ሰማሁ።»

ቢሻው ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «ገደሉ ተሰንጥቋል፣ ካባው ይዘጋ ሲል ምን ልበለው? ይህን ካባ ከጫካ ያወጣሁት እኔ ነኝ! ለአንድ ስንጥቅ ብዬ ጨርቄን ጠቅልዬ ልሂድ?»

የወርቅውሃ በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። «የዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነዋ። እዚህ ለማንም ቁልፍ አልሰጥም፤ ሁሉም ሌባ ነው።»

«እንግዲያው ይክፈቱልኝ።»

እያጉረመረመ ከፈተላት። ከሲሚንቶው ጀርባ አፉ አዲስ የተቀደደ የጀሶ ከረጢት አየች፤ አጠገቡም ማቡኪያ ባልዲ ነበር። ከዚያ ወጥታ ወደ ገደሉ ቀና ስትል፣ ካልተናደው የገደሉ ክፍል ስንጥቅ ላይ እዚህም እዚያም ነጭ ልጥፍ ታያት። አብሯት የነበረው ፖሊስ ምን እንደሆነ ሲጠይቃት «ጂኦሎጂስቶች ስንጥቅ ላይ ጀሶ ይለጥፋሉ። ስንጥቁ ከሰፋ ጀሶው ይሰነጠቃል፤ በዚያ ያውቃሉ» አለችው።

ድማሚቱን ያፈነዳው ሙዳሲር ከድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጦ ነበር። አማርኛው አልፎ አልፎ ይሰናከላል፤ ቤቱ የሚናገረው የበርታ ቋንቋ ነው።

«እኔ ጠዋት ስልክ አነሳ። ትህትና ጋ ልደውል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ እኛ ይደውላል፣ እሱ አሶሳ ይመዘግባል።»

«ለምን ከዚህ አትመዘግቡም? ኮምፒውተር አላችሁ።»

«እንቢ ይላል! ከዚህ ሲጽፍ ቀይ ነገር ይወጣል፣ አይገባም። ያን ቀን ግን ማኔጀር መጣ፣ ‹ስልክ ተው፣ ተሠርቷል፣ ከዚህ ጻፍ› አለኝ። ጻፍኩ። ወላሂ፣ ቀይ የለም! ‹ተመዝግቧል› አለ።»

«ያንተስ ስልክ መልእክት ደረሰው?»

«የምተኩስበት ጉድጓድ ኔትወርክ የለም። ሬዲዮ ብቻ ነው። ማኔጀር ‹መልእክት ደርሶኛል፣ ሰው የለም› አለ፣ እኔ ተኮሰ።» ሁለት መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «ሰራዊት ወንድሜ ነበር። አብረን ነው የምንበላ።»

ካምፑን ከአሶሳው ቢሮ ጋር በኮምፒውተር ያገናኘው የባምባሲው ልጅ ኦሊያድ ነው። እሱ ደግሞ ዓይኗን እያየ ሊያናግራት አልፈለገም።

«የእኔ ሥራ ማገናኘት ብቻ ነው። የሚቀረው የእሷ ነው፤ እሷን ጠይቁ።»

«የሲስተሙ የይለፍ ቃል ያላችሁ አንተና ትህትና፣ ሁለት ናችሁ አይደል?»

«ምን ለማለት ነው?»

«ሁለት ናችሁ ወይ ነው ያልኩህ።»

«አዎ» አለና ጫማውን ማየት ጀመረ።

አሶሳ ስትመለስ ትህትና በእስር ክፍሉ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ አገኘቻት። ግንባሯ ላይ ድንጋዩ ያሳበጠው ቦታ ገና አልጎደለም።

«ደግሞ ምን ልታስፈርሙኝ ነው?»

«ሥራሽን እንድታስረጂኝ ነው።»

«ማስረዳት ማንን ጠቀመ? ሦስት ሰው አስረዳሁ፤ ሦስቱም ‹ስለዚህ ጥፋቱ ያንቺ ነው› አሉኝ።»

«እኔ አራተኛዋ ነኝ፤ ደንቆሮ ናት ብለሽ ጀምሪልኝ።»

ትህትና ቁጭ አለች። «ትሪገር የሚባል አለ። አንድ ሠንጠረዥ ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍ በራሱ የሚነሣ ትእዛዝ ነው። ፍንዳታ ሲመዘገብ የእኔ ትሪገር ይነሣና ‹ማስጠንቀቂያ› የሚባል ሌላ ሠንጠረዥ ላይ ይጽፋል። መልእክቱ የሚላከው ከዚያ ነው።»

«ከካምፕ ሲመዘገብስ?»

«ሠንጠረዦቹ ያሉት አሶሳ ነው፤ ካምፑ የሚደርስባቸው በርቀት ነው። ጣጣው እዚያ ላይ ነው። ሠንጠረዦች በየክፍላቸው ነው የሚቀመጡት፤ ክፍሉን ስኪማ እንለዋለን። ትሪገሩ የሠንጠረዡን ስም ብቻ ይጠራል፣ የክፍሉን አይጠራም። የት የት ገብቶ እንደሚፈልግ የሚነግረው የፍለጋ መንገድ የሚባለው ነው። ከቢሮ ስንገባ የእኛ ክፍል መንገዱ ውስጥ አለ። የርቀት ማገናኛው ግን ሲገባ ለጥንቃቄ መንገዱን ያጠበዋል፤ የሚቀረው የሲስተሙ የራሱ ክፍል ብቻ ነው። ትሪገሩ ደግሞ የሚፈልገው በገባው ሰው መንገድ ነው።»

የወርቅውሃ አሰበችበት። «አሶሳ ላይ ባጃጅ ይዤ ‹ቸሩ ሱቅ› ብል ያደርሰኛል። ጉባ ሄጄ ያንኑ ብል ግን…»

«‹የት ያለው ቸሩ?› ይልዎታል። እንደዚያ ነው።»

«ሲያጣውስ ምን ያደርጋል?»

«ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ምዝገባውን ጭምር ይሰርዛል። ለዚህ ነው ከካምፕ እየደወሉ እኔ የምመዘግብላቸው። ለኦሊያድ ‹የክፍሉን ስም ልጨምርበትና ይስተካከል› ብዬው ነበር። ‹በስልክ እየሠራ አይደል፣ ተዪው› አለኝ።»

«የዚያን ቀን ግን ከካምፕ ተመዝግቧል።»

«አይቻልም!»

የወርቅውሃ ከቢሮ ያስመጣችውን ላፕቶፕ ከፈተችላት። ትህትና በካቴናዋ እየተቸገረች ትሪገሩን አወጣችው። አንብባ ስትጨርስ ፊቷ በቁጣ ቀላ።

«ይህችን መስመር እኔ አልጻፍኳትም! ‹ስህተት ከገጠመህ ዝም ብለህ እለፍ› ነው የምትለው። ይህ ካለ ሠንጠረዡን ሲያጣ አይጮህም፣ ምዝገባውንም አይሰርዝም። ‹ተመዝግቧል› ይላል፣ መልእክቱ ግን አይሄድም።»

በማግስቱ የወርቅውሃ ሁሉንም በካምፑ ምግብ ቤት ሰበሰበቻቸው። ትህትና ከፖሊስ መኪና ስትወርድ ሠራተኛው አጉተመተመ፤ አንዱም «ገዳይ!» ብሎ ጮኸ። ቢሻው በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ተውኔት ልታሳዪን ነው?» አላት።

«አዎ፤ ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ።»

የሰራዊትን ስልክ እሷ ራሷ ከፕላስቲክ ከረጢት አውጥታ ከሌሎቹ ጎን አኖረችው። ከዚያ አሶሳ ቢሮ ላስቀመጠችው ፖሊስ ደወለች። «መዝግብ» አለችው። ትንሽ ቆይቶ የጠረጴዛው ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። የሟቹም ስልክ ሲጮህ ሰዉ ደንግጦ ወደኋላ ሸሸ።

«ከአሶሳ ሲመዘገብ ለሁሉም ይደርሳል። አሁን ሙዳሲር፣ እንደዚያን ቀን ከዚህ መዝግብ።»

ሙዳሲር ጻፈ። ኮምፒውተሩ «ተመዝግቧል» አለ። ጠበቁ። አንድም ስልክ አልጮኸም።

«ኔትወርኩ ነዋ!» አለ ቢሻው።

«ኔትወርኩ አሁን ሲሠራ አየን። ይሁን እንጂ ልጠይቅልዎ።» ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «የማስጠንቀቂያው ሠንጠረዥ ላይ ከካምፕ የመጣ ነገር አለ?»

«ምንም የለም» አለ ከወዲያ ያለው ድምፅ፣ ሁሉም እየሰሙ። «የዚያን ቀንም የለም።»

የወርቅውሃ ወደ ሰዉ ዞረች። «ከካምፕ የተመዘገበ ፍንዳታ የማስጠንቀቂያውን ሠንጠረዥ አያገኘውም፤ ስለዚህ መልእክቱ በመንገድ ላይ አልቀረም፣ ከነጭራሹ አልተላከም። ያልተላከ መልእክት ደግሞ ለግማሹ ሰው ሊደርስ አይችልም። እናንተ አልደረሰንም ያላችሁት እውነታችሁን ነው። ደርሶኛል ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

የሰዉ አንገት ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ ቢሻው። «የሌላ ቀን መልእክት ይሆናል ያየሁት። ኮምፒውተር የማውቅ ሰው አይደለሁም።»

«ኮምፒውተር ከሚያውቅ ሰው ጋር ግን ይሠራሉ። ትሪገሩን ዝም ያሰኘችው መስመር የትህትና አይደለችም፤ ትህትና ከአሶሳ ስትመዘግብ ቀዩ ጽሑፍ አይወጣባትም፣ ምኗን ዝም ታሰኘዋለች? ቀዩ የሚያስቸግረው ካምፑን ነው። ኦሊያድ፣ ከእሷ ሌላ የይለፍ ቃሉ ያለህ አንተ ብቻ ነህ፤ ማን አዘዘህ?»

ኦሊያድ በጣቱ ወደ በሩ አመለከተ። «አቶ ቢሻው ናቸው። ‹ይህን ቀይ ነገር ዝም አሰኝልኝ› አሉኝ። መልእክቱ ግን አይሄድም ብያቸው ነበር! ‹ግድ የለህም፣ ለሰዉ በሬዲዮ እነግራለሁ› አሉኝ።»

«ውሸታም!» ቢሻው ወደ ኦሊያድ ሲንደረደር ሁለት ፖሊሶች ያዙት። «ልጁ ራሱን ለማዳን ነው! ሰራዊት እዚያ እንደነበረ እኔ በምን አውቃለሁ?»

«በጀሶው ነዋ» አለች የወርቅውሃ። «የሰራዊት እጅ ላይ ጀሶ ነበር። ስንጥቁ ላይ እየለጠፈ ነው የሞተው። ገደሉ ዛሬ በድማሚት ይመታል ብሎ የሚያስብ ጂኦሎጂስት እርጥብ ጀሶ አይለጥፍም፤ ስለዚህ ፍንዳታ የለም ብሎ ያረጋገጠለት ሰው አለ። ጀሶው የወጣው ከግምጃ ቤቱ ነው፤ በሩን ከፍተው ከረጢቱን ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ቁልፉን ለማንም እንደማይሰጡም ነግረውኛል። ጠዋት ጀሶውን ሰጥተው ወደ ገደሉ ላኩት፤ ከዚያ ሙዳሲርን ስልኩን አስጣሉት፤ በመጨረሻም በሬዲዮ ‹ሰው የለም› አሉ። የሚቀረውን ለኮምፒውተሩና ለትህትና ተዉላቸው።»

ቢሻው ትግሉን አቆመ። ሲናገር ድምፁ ጸጸት አልነበረበትም፤ የተበደለ ሰው ድምፅ ነበር። «ሊዘጋው ነበር» አለ። «ካባዬን ሊዘጋው ነበር።»

ሙዳሲር ከወንበሩ ላይ ተንሸራትቶ መሬት ተቀመጠና በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር እየደጋገመ ማልቀስ ጀመረ። ማንም ሊያባብለው አልደፈረም።

ካቴናው ከትህትና እጅ ወጥቶ ቢሻው እጅ ገባ። ቅድም «ገዳይ» ብሎ የጮኸው ሰውዬ ውሃ በብርጭቆ ይዞ መጣላት፤ ሳታየው አለፈችው። የወርቅውሃም የመኪናውን በር ራሷ ከፈተችላት። አንድ ሳምንት ያህል በንጹሕ እጅ ላይ ካቴና ማቆየት ያሳፍራል፤ አፍራም ነበር።

ኦሊያድ ትህትናን እስከ መኪናው ተከተላት። የእሱ ተራ እንደሚደርስ ገብቶታል፤ አንድ ፖሊስ ትንሽ ራቅ ብሎ ይጠብቀዋል።

«ትህትና፣ ፈርቼ ነው» አላት። «መስመሯን የጨመርኳት እኔ መሆኔ ከታወቀ ብዬ… ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ድንጋይ ሲወረውሩብኝ የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«አየሁህ።»

ኦሊያድ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «ፍርድ ቤት ትመሰክሪብኛለሽ?»

ትህትና ካቴናው ያቆሰለውን አንጓዋን እያሸች መኪናው ውስጥ ገባችና መስታወቱን ዝቅ አደረገች።

«አዎ» አለችው፤ «አንድም ነገር ሳልተው።»