የናምጊዳ በፍታ

ጥቅሉ ከዓሣው ሥር ነበር።

ባሪክ ቅርጫቱን በትከሻው ተሸክሞ በካርታጎ ወደብ ገበያ መሐል ይራመዳል። ፀሐይዋ አናት ላይ ነች። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም፤ ሳሉም ደረቱን ይፈልጠዋል። እንዲህ ሆኖ ከቤት መውጣት አልነበረበትም። ግን ቀጠሮ ነው።

ምልክቱ በቦታው አለ። መረብ ሻጩ ደጃፍ ላይ ለሁለት የተገመሰ የሮማን ፍሬ።

ቪንዴክስ ከኋላው መጣ። ለአገሩ ሰው ቪንዴክስ ለሠራዊቱ እህል የሚሸምት ሹም ነው። እውነተኛ ሥራው ግን የሰው ምስጢር መልቀም ነው።

«ድርጭቴ፣» አለው በምስጢር ስሙ፣ ጆሮው ሥር። «ዓሣህ ይሸታል።»

«የትናንት ነው፣ ጌታዬ።»

«ከሥሩ ያለችውስ?»

«አለች።»

ባሪክ ቅርጫቱን ሊያስረክበው ዘረጋ። ቪንዴክስ እጁን ከካባው አላወጣም።

«አብረን እንሂድ እንጂ። ምን ያስቸኩልሃል?»

ይህ በስምምነታቸው አልነበረም።

ስምምነታቸው ቀላል ነበር። ባሪክ ክርስቲያን መስሎ፣ መረብ ጠጋኝ ሆኖ፣ በምእመናኑ መሐል ከተቀመጠ ሁለት ክረምት አልፎታል። አምና ቪንዴክስ አንድ ስም አምጣ አለው። ባሪክም የናምጊዳን ስም ሰጠ። ለምን የእሷን? አሮጊት ናት፣ ገርፈው ይለቋታል ብሎ ነው። ባቄላ እየቀቀለች ታበላው ነበር። ሲያስል ሰምታ የገዛ ሻሿን አንገቱ ላይ ጠምጥማለት ነበር። በትርኢቱ ሜዳ፣ ሕዝብ እያየ አቃጠሏት።

ምእመናኑ አጽሟን ከአመዱ ለቅመው አጠቡ፤ በበፍታ ጠቅልለው ከከተማው ውጭ ባለ አትክልት ቦታ፣ በግንብ መቃብር ውስጥ አኖሯት። ሰው ከየመንደሩ እየመጣ በፍታውን ይስም ጀመር። ይህ አገረ ገዢውን አንገበገበው። አጽሟ ይምጣና ባሕር ይግባ፤ ያለዚያ በሙት ዓመቷ የተሰበሰበው ሁሉ ይታረዳል ተባለ፤ አጽሙን ሰርቆ ማምጣትም በባሪክ ላይ ወደቀ። ሙት ዓመቷ ነገ ነው። ዛሬ ሴቶቹ ከነልጆቻቸው እዚያው አትክልት ቦታ ድግስ ያሰናዳሉ።

ባሪክ ናምጊዳን ሁለት ጊዜ አሳልፎ መስጠት አልቻለም።

ስለዚህ ጥቅሏን በሌሊት ከግንቡ አውጥቶ፣ ጎህ ሲቀድ ወደ እናቱ መቃብር ሄደ። እናቱ እንደ አባቶቿ ወግ ተቃጥላ አጥንቷ በገንቦ የተቀመጠ ነው። በየበዓሉ መቃብሩ ላይ በተተከለ የሸክላ ቧንቧ ወይን ጠጅ ያፈስላት ነበር፣ እንዳይጠማት። ገንቦውን ከፈተ። እናቱን በናምጊዳ በፍታ ጠቀለላት። ናምጊዳን በእናቱ ገንቦ አድርጎ ወደ ግንቡ መለሳት።

ለማንም አልነገረም።

ቪንዴክስ ወደ አንድ የዘይት መጋዘን አስገባው። ከገንቦዎቹ አጠገብ አንዲት ሴት በሰንሰለት ታስራ ተቀምጣለች። ባሪክ ወዲያው አወቃት።

እማማ ሳቱራ ነች። የናምጊዳን አጽም በእጇ ያጠበችው እሷ ነች።

«ትተዋወቃላችሁ መቼም፣» አለ ቪንዴክስ። «ከትናንት ወዲያ ነው የያዝናት። ነገ ለአራዊቱ ትሰጣለች።»

«ምን ልታደርግልን ነው?»

«ልትስምልኝ ነዋ። እናንተ ሰዎች የሞተ ስትስሙ አይቻለሁ። ልማዳችሁ አይደል?» ሳቀ። «አንተን አምንሃለሁ፣ ድርጭቴ። ግን ጭፍሮቼ አሁን አትክልቱን ከበው ነው ያሉት። የውሸት አጥንት ከሆነ፣ እነሱ ሥራ አላቸው።»

ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «አንቺ፣ አሮጊት። የሷ ካልሆነ ንገሪኝ። ሰንሰለትሽን ፈትቼ ቤትሽ እሸኝሻለሁ።»

«ቤቴንማ አቃጥላችሁት የለ እንዴ፣ ልጄ።»

«ሌላ እሰጥሻለሁ።»

«ደግ ሰው ነህ፣» አለች፣ ያለ ፈገግታ።

ጥቅሉ ጭኗ ላይ ተቀመጠ። በፍታውን በቀስታ ፈታችው። ባሪክ እጆቿን ብቻ ያያል። አንዱን አጥንት አንስታ አስቀመጠች። ሌላ አነሳች። ከዚያ የቅልጥሙን አገኘች። በመዳፏ ላይ አጋድማ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ቀጥ ያለ ነበር።

ያኔ ነው ባሪክ ትዝ ያለው።

ናምጊዳ ታነክስ ነበር።

ወይራ ስታራግፍ ወድቃ ቅልጥሟ ተሰብሮ፣ ተጣሞ ነው የገጠመላት። ሰው ሁሉ ያውቃል። እሱም አንድ ክረምት ሙሉ አብሯት ሲሄድ አይቷል። እንዴት ይረሳል? ሳሉ መጣበት፤ በጥርሱ ያዘው።

እማማ ሳቱራ ቀና ብላ አየችው። ፊቱን አየች። አንገቱ ላይ ያለውን የናምጊዳን ሻሽ አየች።

ከዚያ ጎንበስ ብላ አጥንቱን ሳመችው።

አንዴ አይደለም። እያንዳንዱን እያነሳች ሳመች። እንባዋ በፍታውን አራሰው። ቪንዴክስ ፊቱን አጨማደደና፣ «በቃ፣ በቃ። አመንኩ፣» ብሎ ጭፍሮቹ ከአትክልቱ እንዲመለሱ ሊያዝ ወደ ደጅ ወጣ።

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማን ናት፣ ልጄ?»

«እናቴ ናት።»

«ስሟስ?»

«አሪሻት።»

«አሪሻት፣» አለች፣ ልብ ለማለት። «ነገ ናምጊዳን ሳገኛት፣ ስለሷ እለምናታለሁ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ናምጊዳን…»

«ሳሉ ተሻለህ ወይ?» አቋረጠችው። «ስለ ደረትህ ትጨነቅ ነበር። እስር ቤት ልጠይቃት ስሄድ እንኳ፣ ያ ልጅ ልብስ ደርቧል ወይ ትለኝ ነበር።»

ናምጊዳ ማን እንደሰጣት ታውቅ ነበር ማለት ነው። ሁሉም ያውቁ ነበር። እያወቁ ባቄላ ያበሉት ነበር።

ጭፍሮቹ ገብተው እማማ ሳቱራን ወሰዷት።

ሁለቱ የተሳፈሩባት ጀልባ ከወደቡ ራቅ ስትል ቪንዴክስ ጥቅሉን ለባሪክ አቀበለው። «አንተው ጣላት። ክብሩ ያንተ ነው።»

ባሪክ ጥቅሉን እንደያዘ ቆመ። ቪንዴክስ ያየዋል።

ጣላት።

በፍታው ትንሽ ተንሳፈፈ። ከዚያ ሰመጠ። ባሪክ ፊቱ ላይ ምንም እንዳይታይ ዕቃ ቆጥሮ እንደሚረከብ ነጋዴ አፍጥጦ ቆመ።

«ጎበዝ፣» አለው ቪንዴክስ። «ሰሞኑን እጠራሃለሁ።»

በማግሥቱ ባሪክ ከአትክልቱ ማዶ፣ ከመንገዱ ዳር ቆመ። ግንቡ አጠገብ ሰዎቹ ተሰብስበዋል። ዳቦ ይቆርሳሉ፤ ሕፃናት ይሯሯጣሉ። አንዲት ሴት ገንቦውን እየዳሰሰች፣ ከየት መጣ ይህ ደግሞ ትላለች መሰል፣ ክዳኑን አንስታ አየች። እጇን ከተተች። አንድ ነገር ይዛ አወጣች፤ ጠማማ ነበር። ሁሉም ተንበረከኩ።

ከከተማው በኩል፣ ከትርኢቱ ሜዳ፣ የሕዝብ ሁካታ በነፋስ ይመጣል። እማማ ሳቱራ እዚያ ነች።

ከሰዎቹ አንዱ ባሪክን አይቶ፣ ና፣ ብላ ብሎ በእጁ ጠራው።

አልሄደም።

ለእናቱ በቅል ወይን ጠጅ ይዞ ነበር። ወዴት ያፍስሰው? ቧንቧው ሥር ማንም የለም። ወደ ወደቡ ወረደና ጨው ወደሚጭን መርከብ ገባ፤ ቀዛፊ ይፈልጋሉ። መርከቡ ሲንቀሳቀስ ቅሉን በመርከቡ ጎን ወደ ባሕሩ ዘቀዘቀው።

«አንተ ሰውዬ፣ እብድ ነህ እንዴ?» አለ ጎኑ የተቀመጠው ቀዛፊ። «የሚጠጣ ሰው እያለ ለዓሣ ታጠጣለህ?»

«ዓሣ አይደለችም።»

ቀዛፊው ትከሻውን ነቀነቀ። «ስምህ ማነው?»

ባሪክ አንድ ስም ነገረው። የሱ አልነበረም። ከባሕሩ ብርድ መጣ። ሻሹን አንገቱ ላይ ደህና አድርጎ ጠመጠመና፣ መቅዘፊያውን ያዘ።